የቡርቃ ሄጦ መዝገብ

ፒካፗ አስፋልቱን ለቅቃ ኮረኮንቹን ስትይዝ ተሻለች ወልደአማኑኤል ጭኗ ላይ ያስቀመጠችውን ካርቶን በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ አቀፈችው። በካርቶኑ ውስጥ አንድ ባዶ መዝገብ፣ ሁለት ጥራዝ የርክክብ ቅጽ፣ የጣት አሻራ ቀለምና በጨርቅ የተጠቀለለ የቀበሌ ማህተም ነበረ። ማህተሙ ከተቀረጸ ሳምንት አልሞላውም። የድሮው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም።

«እትዬ፣ ወለሉ ላይ ቢያኖሩት አይሻልም?» አለ ሾፌሩ አሳምነው በመስታወት እያያት። «መንገዱ ከዚህ በላይ ይብሳል።»

«ግድ የለም፤ አንተ ብቻ ቀስ በል።»

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2017 ነው። ከአሰላ የወጡት ገና ጠዋት ነበር። ጭላሎ እስከ ትከሻው ጉም ተከናንቧል። ገብሱም ስንዴውም ታጭዶ ስላለቀ ሜዳው ሁሉ ገለባ ለብሶ ይታያል። ብርድ ልብስ የደረቡ ፈረሰኞች ወደ ገበያ ሲወርዱ ለመኪናዋ ዳር ይዘው ያሳልፋሉ። አሳምነው አንድ ጠመዝማዛ ላይ ሲደርስ ማርሹን ቀንሶ ሊቆም ዳር ዳር አለ፤ ከዚያ የራሱ ነገር አሳቀው። ያ ቦታ ለሁለት ዓመት ኬላ ነበር። ዛሬ ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ የዘቦቹ ዳስም ጣራው ተነስቶ ምሰሶው ብቻ ቀርቷል።

«እግሬ ለምዶ ነው» አለ።

ከጎኑ የተቀመጠው ኢርሻድ ግን አልሳቀም። የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አራት። የሹመት ደብዳቤው የደረሰው የወረዳው አስተዳደር በሙሉ ተሰዶ አሰላ ውስጥ ከሰው በተለመነ አንድ መጋዘን ውስጥ በሚሠራበት ጊዜ ነበር። የፍትሕ፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የመሬት ሰው ሁሉ በኮምፖርሳቶ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ስልክ ሲያወራ ሌላው ጆሮውን እየያዘ፣ ሕዝቡ ሌላ ቦታ፣ መንግሥቱ ሌላ ቦታ ሆኖ ሁለት ዓመት አለፈ። ሽማግሌዎች ተመላልሰው፣ ጫካ የገቡት ልጆች ወርደው፣ ዕርቁ ከተፈጸመ አራት ወሩ ነው። አሁን ኢርሻድ ከላይ የመጣውን ደብዳቤ ለሦስተኛ ጊዜ እያነበበ ነው።

«ስሙኝ እትዬ» አለና ድምፁን ከፍ አደረገ። «‹የቡርቃ ሄጦ ቀበሌ የይዞታ መዝገብ በእሳት የወደመ መሆኑ በባለሙያዋ የዓይን ምስክርነት ስለተረጋገጠ፣ የወረዳው ግልባጭም ስላልተገኘ፣ ማጣራቱ በነዋሪዎች ምስክርነት ይከናወን። ሦስት ምስክር ማቅረብ ያልቻለ እንደሆነ መሬቱ አሁን በሚያርሰው ሰው ስም ይመዝገብ።›» ወረቀቱን አጠፈው። «ከሸሹት አርባ ሦስት ቤተሰቦች ስንቱ ነው ሦስት ሰው የሚነሣለት?»

ተሻለች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ባለሙያዋ እሷ ናት። ዕድሜዋ አርባ ሰባት፣ ቡርቃ ሄጦ ላይ አሥራ አንድ ዓመት የመሬት መዝገብ ይዛ የሠራች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከልጅነቷ እኩል የምትናገር የአሰላ ሰው። በመስከረም 2015 አንድ ማክሰኞ ቀን ተኩሱ ሲጀመር መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ትታ በጓሮ በር ወጣች። ባቄላ ማሳ ውስጥ በአንድ እግር ጫማ ሮጠች። ከወንዙ ማዶ ሆና ዞር ስትል ያየችው ጭስ ብቻ ነው። አሰላ ገብታ መርማሪው «መዝገቡስ?» ብሎ ሲጠይቃት፣ ዘርግቼው ሸሸሁ ማለት አፈረችና «ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ» አለች፤ ፈረመችም። የዚያን ቀን ማንንም የሚጎዳ አልመሰላትም ነበር። አሁን ያች አንዲት መስመር ማህተም ላይ ማህተም እያስመታች፣ ከቢሮ ቢሮ እየተገላበጠች ሄዳ በኢርሻድ እጅ ላይ ሕግ ሆና ተቀምጣለች።

ቡርቃ ሄጦ ሲደርሱ ሦስት መቶ የሚሆን ሰው ሜዳው ላይ ተሰብስቧል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳው እንደጠቆረ ነው፤ ጣራው ላይ የተመታው አዲስ ቆርቆሮ ግን ፀሐይ እየመለሰ ዓይን ይወጋል። ሕዝቡ በሁለት ወገን ተከፍሏል። የቀሩት በግድግዳው ጥላ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ከአሰላ፣ ከዴራና ከሁሩታ የተመለሱት ደግሞ ባመጣቸው አይሱዙ ዙሪያ ቆመዋል። ከሸሹት ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ነበረበት፤ ከቀሩትም እንዲሁ። በመካከላቸው ሃያ እርምጃ የሚሆን ባዶ ሣር አለ። ያንን ሣር ማንም አይረግጠውም።

ኢርሻድ ጠረጴዛውን እዚያው ባዶ ቦታ ላይ አስቀመጠ። ደብዳቤውን በኦሮምኛ አነበበ፤ ቀጥሎ በአማርኛ ደገመው። የመጀመሪያው ስም ተጠራ።

ጋሽ ዘሪሁን ወደፊት ወጡ። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ከዘራ የያዙ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ሲቃጠል የይዞታ ደብተራቸውም አብሮ ሄዷል።

«መሬቴ ከወንዙ በላይ ያለው ነው» አሉ። «አባቴም እኔም አርሰነዋል። እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«አሁን ማን ነው የሚያርሰው?» ሲል ኢርሻድ ጠየቀ።

«እኔ» አለና ዲሪባ ከተቀመጠበት ተነሣ። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው ወፍራም ሰው ነው። የጋሽ ዘሪሁን ኩታ ገጠም ጎረቤት ነበር። «ጦም ሲያድር ጊዜ አረስኩት። አባቴ ድሮ ያ መሬት የእኛ ነበር ይል ነበር። እኔ ማንንም አላባረርኩም።»

«ለአቶ ዘሪሁን የሚመሰክር?»

ማንም አልተነሣም። አንድ ሰው አሳለ። ተሻለች ከጠረጴዛው ጀርባ ሆና ፊቶቹን ተራ በተራ አየቻቸው፤ ሁሉንም ታውቃቸዋለች። ውሸታም ሆነው አይደለም። ከተነሡ ነገ ከዲሪባ ጋር ውኃ የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። በዚያ ላይ ከእነሱም ስንቱ የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ነው።

«ለሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ።»

ጋሽ ዘሪሁን ወደ ተቀመጡት ዞሩ። «ኦቦ ሀሰኖ» አሉ በኦሮምኛ፣ «እርስዎም?»

ኦቦ ሀሰኖ ነጭ ጢማቸውን እንደያዙ መሬት መሬት አዩ። በዕርቁ ጊዜ ከፊት የተቀመጡ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ጅብሪል ጫካ ገብቶ ከነበሩት አንዱ ስለሆነ በዚህ ጉዳይ አፍ ለመክፈት አቅም ያጡ ይመስሉ ነበር።

ኢርሻድ ሰዓቱን አየና «የአሥር ደቂቃ ዕረፍት» አለ። ምን እንደሚያደርግ ጨንቆት ነበር።

በዚህ መሃል ነው አንዲት ሴትዮ ሻሻቸውን እያስተካከሉ ወደ ተሻለች የተጠጉት። አዴ ፋጡ ናቸው፣ የኦቦ ሀሰኖ ባለቤት። እጇን ያዟት።

«ቤት ድረስ ነይ» አሉ በጆሮዋ። «ብቻሽን።»

«አዴ ፋጡ፣ ሥራ ላይ እኮ ነኝ።»

«ሥራሽ እዚያ ነው ያለው።»

ቤታቸው ከሜዳው ብዙ አይርቅም። ጓሮው ውስጥ ከጎተራው አጠገብ ጅብሪል ቆሞ ነበር። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ከስቶ ጉንጩ ገብቷል። ሲያያት ሰላም ሊላት ጀምሮ ተወው። ጎንበስ ብሎ የጎተራውን ክዳን አነሣ፤ እጁን እስከ ብብቱ ገብሱ ውስጥ ከተተና የማዳበሪያ ጆንያ ጎትቶ አወጣ። ጆንያው በሲባጎ ታስሯል። ፈታው።

ተሻለች ገና ጀርባውን ስታይ አወቀችው። ሰማያዊው ሽፋን፣ እሷ ራሷ በነጭ ፕላስተር የጠገነችው ጥግ። ገብሱ ከፈሰሰበት መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከየት አመጣኸው?»

«ከጠረጴዛው ላይ» አለ ጅብሪል። «ቤንዚኑን ሲረጩ እዚያው ነበርኩ። አብሬ ነው የገባሁት፤ አልዋሽዎትም። መዝገቡ እንደተዘረጋ አየሁት። የአባቴ ስም እዚህ ውስጥ አለ ብዬ አሰብኩ። የሰው ሁሉ ስም አለ። ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩትና ለእናቴ ሰጠኋት። አባቴ እስከ ዛሬ አያውቅም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ!»

«ገብሱ ባለቀ ቁጥር ወደ ሌላው ጎተራ አዞረዋለሁ» አሉ አዴ ፋጡ። «አይጥ አልነካውም። እዪው፣ ግለጪው።»

ገለጠችው። የራሷ እጅ ጽሑፍ በኦሮምኛው ፊደል በቁቤ ተሰልፎ ጠበቃት፤ ስሙ፣ ስፋቱ፣ አዋሳኙ። እንባዋ እንዳይንጠባጠብበት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች።

«አሁን ይውሰዱት» አለ ጅብሪል። «ስሜን ግን አያንሡብኝ። ፍርስራሹ ውስጥ ተገኘ ይበሉ። ከወረድኩ አራት ወሬ ነው፤ ቢሮውን ካቃጠሉት አንዱ ነኝ ብዬ በራሴ አፍ ከተናገርኩ ማን ያስቀምጠኛል?»

ተሻለች አሰበች። አፏ ላይ እሺ የሚለው ቃል መጥቶ ነበር። ቀላል ነው፤ ይዛ ትሄዳለች፤ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ግን ዲሪባ ይነሣና አሰላ ቁጭ ብለሽ የጻፍሽው ነው ይላታል። በፊርማዋ ተቃጥሏል ያለችውን መዝገብ ዛሬ ከፍርስራሽ አወጣሁት ብትል ማን ያምናታል? እውነተኛ ሆኖ ሳለ እንደ ሐሰተኛ ሊጣል ነው። አንድ መዝገብ ከማን እጅ ወጥቶ ወደ ማን እጅ እንደገባ ካልታወቀ ተራ ወረቀት መሆኑን ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም።

«ጅብሪል፣ ስማኝ» አለች። «እኔም የዋሸሁት አለ። ሲቃጠል በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ፈርሜያለሁ። አላየሁም። ዘርግቼው ነው የሸሸሁት። ያ ሁሉ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ምስክር አጥቶ የቆመው በእኔ ውሸት ነው።»

ልጁ ትክ ብሎ አያት።

«ይህን ይዤ እወጣና መጀመሪያ የራሴን እናገራለሁ። ያንተን ስም አላነሣም። ከፈለግክ ትመጣለህ። ካልመጣህም እግዜር ይስጥህ፤ ከእሳት አውጥተኸዋል።»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። አዴ ፋጡ ልጃቸውን አዩት።

ሜዳው ላይ ስትደርስ ኢርሻድ ስብሰባውን እንደገና ከፍቶ ነበር። ሰማያዊውን መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኢርሻድ መዝገቡንም እሷንም አየ።

«ልናገር?» አለችው።

«ይናገሩ።»

ተናገረች፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ከዚያ በአማርኛ። እንዴት እንደሸሸች፣ ለምን እንደዋሸች፣ ምን ላይ እንደፈረመች። መዝገቡን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። «ሰው ሁሉ ይስማኝ፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃል ሐሰት ነው፤ መዝገቡ አልተቃጠለም፤ ይኸው።»

ጉርምርምታው ከሁለቱም ወገን ተነሣ። እንደፈራችውም ዲሪባ ቆመ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ ተሻለች፤ ክፉ ሰው ነዎት አልልም። ግን ትናንት ተቃጠለ አሉ፤ ዛሬ አልተቃጠለም አሉ። አሰላ ላይ አዲስ አለመጻፍዎን በምን እንወቅ? ከማን ተቀበሉት?»

ተሻለች የጅብሪልን ስም ላለማንሣት ቃሏን ሰጥታለች።

«ከእኔ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

ጅብሪል ነው። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ሃያ እርምጃ የሚሆነውን ባዶ ሣር አቋርጦ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ለኢርሻድ ሰጠ፤ ሲወርዱ የተሰጣቸው የምሕረት ወረቀት ነው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ ያንኑ ለእሷ የነገራትን አንድም ሳይቀንስ ደገመው፤ ቤንዚኑን፣ ጠረጴዛውን፣ ሸሚዙን፣ ጎተራውን።

«ከእኔ ጎተራ?» አሉ ኦቦ ሀሰኖ ካሉበት ሆነው።

«ከእርስዎ ጎተራ፣ አባ።»

ሽማግሌው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። አዴ ፋጡ ቀና ብለው አዩአቸው። «ብነግርዎት እንቅልፍ ያጡ ነበር» አሉ። ከሴቶቹ መካከል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ እየተቀባበለ እስከ አይሱዙው ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ በዚያ ሜዳ ላይ ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

ለስብሰባው ጥበቃ ዳር የቆመው የሚሊሻ አዛዥ ግን አልሳቀም፤ ወደ ኢርሻድ ተጠግቶ ጅብሪል ይያዝ እንደሆነ በጆሮው ጠየቀው። ኢርሻድ የምሕረት ወረቀቱን ዘርግቶ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ አነበበው፤ ወረቀቱ ከተሰጠበት ቀን በፊት በተፈጸመ ነገር የማይጠየቅ መሆኑን የሚገልጸው ቦታ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይህን ወረቀት የሰጠው መንግሥት ነው» አለ። «እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዛሬ ካላከበርነው መቼ ልናከብረው ነው?» የርክክብ ቅጹን ስቦ አስረካቢ በሚለው ቦታ ላይ ጻፈ፤ ጅብሪል ሀሰኖ። «እዚህ ፈርም።»

ጅብሪል ፈረመ። ተሻለች ተረካቢ በሚለው ሥር ፈረመች። ብዕሩን ስታስቀምጥ ከትከሻዋ ላይ አንድ ኩንታል የወረደላት መሰላት።

«የእርስዎን ነገር ደግሞ ሰኞ ማስተባበያ ይጽፋሉ» አላት ኢርሻድ ቀስ ብሎ። «ሳይቀጡዎት አይቀሩም።»

«ይቅጡኝ» አለች። ፈገግ እንዳለች ያወቀችው ኢርሻድም ፈገግ ሲል ነው።

ዲሪባ እንደቆመ ነበር። «የእኛ ቤት መዝገቡ ውስጥ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀ። ድምፁ ለስልሷል።

ተሻለች ገጹን ሳትፈልግ ገለጠችው። «ኢርኮ፣ አባትህ። እዚህ ጋ ያለውን ማስታወሻ ላንብብልህ? ‹የቀኝ አውራ ጣቱ በማጭድ የተቆረጠ ስለሆነ የግራው አሻራ ተወስዷል።›»

ዲሪባ ጎንበስ አለ። አባቱ ከሞቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። ሐምራዊዋን አሻራ፣ በመካከሏ የምታልፈውን ጠባሳ ረጅም ጊዜ አያት። በጣቱ ሊነካት አስቦ እጁን መለሰ።

«የእሳቸው ናት» አለ። ከዚያ ሳይጠየቅ ቀጠለ፤ «አዋሳኙን ያንብቡልኝ።»

«በምሥራቅ ዘሪሁን፤ ድንበሩ ከወንዙ እስከ ትልቁ የኮሶ ዛፍ።»

ዲሪባ ቀና አለ። ወደ ጋሽ ዘሪሁን ሄደና ፊት ለፊታቸው ቆመ።

«ጋሽ ዘሪሁን፣ አባቴ የፈረመበትን እኔ አላፈርስም» አለ። «ለበልግ እርሻ በሬዎቼን አላወጣም። እርስዎ ያርሱት። በሬ ከሌለዎት ደግሞ የእኔን አንድ ጥማድ ይውሰዱ።»

ጋሽ ዘሪሁን ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኛቸውን ዘረጉ። «የቤቴ ቋሚ ሲቆም አንተም ና» አሉት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ። ተሻለች የተመላሾቹን ስም ትጠራለች፤ ባለቤቱ አቤት ይላል፤ አዋሳኞቹ ይቆማሉ፤ ኢርሻድ ቃለ ጉባኤው ላይ ይጽፋል። የተካረረም አልጠፋም፤ ሁለት ወንድማማቾች ተሰዳድበው ኦቦ ሀሰኖ ገብተው ለያዩአቸው፤ አንድ ሰውዬ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ ጭራሹን እንደሌለ ታወቀና አኩርፎ ሄደ። ግን አዋሳኝ በተጠራ ቁጥር አንዱ ከጥላው፣ ሌላው ከአይሱዙው እየመጣ ጎን ለጎን ይቆም ነበርና፣ ከቀትር በኋላ ያ ባዶ ሣር የት ላይ እንደነበረ ማንም ሊያመለክት አይችልም። ሴቶች የተጠበሰ ገብስ በሰፌድ አዞሩ። አሳምነው መኪናዋን ትቶ ተራ የሚያስይዝ እሱ ሆኗል።

አሥር ሰዓት ግድም የተጻፈበት የመጨረሻ ገጽ ላይ ደረሱ። እዚያ ጽሑፉ በመካከል ይቆማል። ተራ ቁጥር አራት መቶ አሥራ ሁለት። ስም፦ ሮሐ እንደሻው። መሬቱ የተገኘበት ሁኔታ፦ ከአባት በውርስ። ስፋት በሚለው ዓምድ ላይ ግን አንዲት ጭረት ብቻ አለች፤ ብዕሩ ከዚያ ሸርተት ብሎ እስከ ገጹ ጠርዝ ወርዷል። ያች ማክሰኞ ናት።

«ሮሐ እንደሻው!» ብላ ተጣራች። አለመኖሯን ፈርታ ነበር።

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። ከዴራ የመጣች ቀጭን ሴት ጋቢዋን እየሰበሰበች ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ዴራ ላይ መንገድ ዳር ሽንኩርት እየሸጠች ነው ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው። ገጹን ቁልቁል አይታ ጭረቷን በጣቷ አመለከተች።

«እዚህ ጋ ነበርን» አለች። «‹ስፋቱ ስንት ነው?› ብለው ጠየቁኝ። ልመልስልዎት አፌን ስከፍት ነው የተተኮሰው።»

«አዎ» አለች ተሻለች። ትዝ አላት፤ ይህችው ሴትዮ፣ ይኸው ጋቢ። ብዕሯን አነሣች። «ስፋቱ ስንት ነው?»

«ሦስት ጥማድ።»

ጻፈችው። አዋሳኞቹን ጠየቀች፤ አራቱም ከሕዝቡ መካከል በየተራ አቤት አሉ። ቀኑን ግን የዛሬውን፣ ጥር ሃያ ሁለት ብላ ሞላችው። ሮሐ ፈረመች፤ ስሟን አይታ እንደገና አየችው፤ አመስግና ዞረች።

ሰልፉ አሁንም ረጅም ነው፤ ልጅ የወለዱ፣ አባት የሞተባቸው፣ መሬት ያካፈሉ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጉዳያቸውን አፍነው የቆዩ ሰዎች። ተሻለች ገጹን ገልብጣ ንጹሑን ወረቀት በመዳፏ ዳበሰችና ቀና አለች።

«ቀጣይ!»